«ኮሚትመንት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአሁኑ ጊዜ በግቢያችን ውስጥ እንደ «ኮሚትመንት» ብዙ የሚደክም ቃል ያለ አይመስለንም። ለማኅበሩ ምርጫ የሚወዳደረው ተማሪ መድረክ ላይ ወጥቶ «ኮሚትመንት አለኝ» ይላል። መምህሩ ስለ ሰነፍ ተማሪ ሲናገር «ኮሚትመንት ያንሰዋል» ይላል። የሥራ ማስታወቂያ ስናነብ ከዲግሪውና ከሥራ ልምዱ ቀጥሎ ኮሚትመንት ያለው ሰው ይፈለጋል። ሁለት ወጣቶች ተዋደው ሲቆዩ አንደኛው ወገን «ኮሚት ለማድረግ ገና ነኝ» ብሎ ነገሩን ያሳድረዋል። ቃሉ እንዲህ ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር ዘወትር እንሰማዋለን፤ ነገር ግን ተናጋሪውን አቁሞ «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። ስለዚህ ጥያቄውን እኛው በዚህ ገጽ ላይ ለማንሣት ወደድን።

ከሁሉ አስቀድመን የባዕድ ቃል ጠላቶች አለመሆናችን እንዲታወቅልን እንፈልጋለን። ፖስታ፥ ባንክ፥ ስልክ፥ ኮሚቴ፥ እነዚህ ሁሉ ከነዕቃቸውና ከነአሠራራቸው ወደ አገራችን ገብተው አማርኛ ሆነዋል፤ ማንም ሰው ቅር ሊለው አይገባም። አዲስ ነገር ሲመጣ ስሙን ይዞ ይመጣል። ዳሩ ግን «ኮሚትመንት» የሚባለው ነገር ለእኛ አዲስ ነው ወይ? ዕቃውስ አብሮ መጥቷል ወይስ ስሙ ብቻ ነው የመጣው? የክርክራችን መሠረት ይህ ነው።

ነገሩ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሥነ ልሳን ተማሪዎች እንተወው ነበር። ባለፈው የትምህርት ወቅት ግን አንድ ነገር ታዘብን። በከተማው ካሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ለፈተና የሚዘጋጁትን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ የሚያስጠኑ ፈቃደኞች እንዲመዘገቡ ማስታወቂያ ወጣ። የስም ዝርዝሩ ሁለት ገጽ ሞላ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የአስጠኚው ቁጥር ከልጆቹ ቁጥር ጋር የሚወዳደር ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን የቀሩት አስጠኚዎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚበቁ ሆኑ። ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው፥ አንዳንዶቹም ከሩቅ ሠፈር በእግራቸው መጥተው፥ እስከ ቀትር ጠብቀው ተመለሱ። ከቀሩት ጓደኞቻችን መካከል ጥቂቶቹን ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «ኮሚትመንቱስ አለን፤ ጊዜ አጣን እንጂ» ሲሉ መለሱልን። ይህን ሲናገሩ ውሸት መናገራቸው አልነበረም። ለእነርሱ ኮሚትመንት ማለት በልብ ውስጥ የሚኖር የበጎ ፈቃድ ስሜት ነው፤ ስሜቱም በእርግጥ ነበራቸው። ያልነበረው ሰውየው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ባልተገኘበት ቦታ «አለ» የሚባልለት ቃል ምን ዓይነት ቃል እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

ቃሉ የመጣው «ኮሚቴሬ» ከሚለው የላቲን ግሥ ነው። «ኮም» ማለት «አብሮ»፥ «ሚቴሬ» ማለት ደግሞ «መላክ» ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ አንድን ነገር ለሌላ ሰው ማስረከብ፥ በእጁ መጣል፥ በአደራ መስጠት የሚል ፍች ያገኛሉ። እንግሊዝኛ ግሡን በ14ኛው መቶ ዓመት ሲወስድ በመጀመሪያ የያዘው ይህንኑ የማስረከብን ፍች ነው። «ኮሚትመንት» የሚለው ስም የተሰማው ግን ዘግይቶ በ17ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ ሰውን በመንግሥት ሥልጣን ወደ እስር ቤት ማስረከብን የሚያመለክት የሕግ ቃል ነበር። ሰው ራሱን በቃሉ ማሰሩን የሚያሳየው ፍች የመጣው ወደ 18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። እንግዲህ ዛሬ በየመድረኩ የምናቆለጳጵሰው ቃል የእስር ቤት ደጃፍ ዘመድ ነው ማለት ነው።

እንግሊዞች ግሡን እንዴት እንደሚሠሩበት ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። ዳኛው ተከሳሹን ለወህኒ «ኮሚት» ያደርገዋል። በቀብር ሥርዓታቸው ሬሳው ለምድር «ኮሚት» ይደረጋል። ተማሪ ግጥም ሲያጠና ለኅሊናው «ኮሚት» አደረገው ይባላል፤ እኛ «በቃል ያዘው» የምንለው ነው። ሐሳቡን በጽሑፍ ያሰፈረ ሰው ለወረቀት «ኮሚት» አደረገው ይባላል። ወንጀል የሠራም ሰው እንዲሁ ወንጀሉን «ኮሚት» አደረገ ይባላል፤ ለእኛ እንደሚመስለን፥ የሠራው ሥራ ከእጁ ወጥቶ ተመልሶ የማይገባ ስለ ሆነ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ፤ ይኸውም ነገሩ ከሰጪው እጅ መውጣቱ ነው። እስረኛው ወህኒ ገብቷል፤ ሬሳው አፈር ለብሷል፤ ሐሳቡ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። እንግዲህ «ራሴን ኮሚት አደረግሁ» የሚል ሰው፥ ቃሉን እንደ ባለቤቶቹ ከተናገረው፥ «ራሴን ከራሴ እጅ አውጥቼ ለእገሌ አስረከብሁ» ማለቱ ነው። ስለዚህ ነው እንግሊዝኛው ከቃሉ ቀጥሎ «ለማን» ወይም «ለምን» የሚለውን መስተዋድድ የሚጠይቀው። ያለዚያ የሚነገረው አነጋገር የተስፋፋው በቅርብ አሥርት ዓመታት ውስጥ ነው። እኛ ደግሞ የወረስነው ይህንን አንካሳውን አነጋገር ሆነና «ኮሚትመንት አለኝ» ብለን ዓረፍተ ነገሩን እንዘጋለን፤ ለማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም።

የቃሉን ዘመዶችም መቁጠር ይጠቅማል። «ኮሚቴ» የዚሁ ግሥ ልጅ ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ኮሚቲ» ማለት የሰዎች ስብስብ ሳይሆን አንድ ነገር በአደራ የተሰጠው አንድ ሰው ማለት ነበር። «ኮሚሽን» የዚያው ወገን ነው። «ሚሽን» የሚለውና ተስፋ መስጠትን የሚያመለክተው «ፕሮሚስ» የተባለው ቃልም ሁለቱ «መላክ» ከሚለው ከዚያው የላቲን ሥር የበቀሉ ናቸው። የሚደንቀው ነገር፥ የእኛም ቋንቋ በራሱ መንገድ ከዚህ ሐሳብ ላይ መድረሱ ነው። «ለአከ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ መልእክት፥ ልኡክ፥ ተልእኮ፥ መልአክም ሳይቀር ወጥተዋል። የተላከ ሰው ላኪ አለው፤ የሚደርስበትም ቦታ አለው። ላኪና መድረሻ የሌለው ልኡክ መንገደኛ ነው እንጂ ልኡክ አይባልም።

በመንገዳችን ላይ ለጽሑፍ የሚረዳ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ብዙዎቻችን ይህን ቃል በእንግሊዝኛ ስንጽፍ በመካከሉ ሁለት «ቲ» እናስገባለን። ትክክለኛው ሁለት «ኤም»ና አንድ «ቲ» ነው፤ «ቲ» የሚደገመው «ኮሚትድ» ወይም «ኮሚቲ» ሲሆን ነው። እንወደዋለን የምንለውን ቃል ቢያንስ አስተካክለን ብንጽፈው መልካም ነው።

ቃሉ የዛሬውን የፖለቲካና የሥነ ጽሑፍ ክብሩን ያገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር እ. ኤ. አ. በ1945 «ዘመናዊ ጊዜያት» የተባለውን መጽሔት ከጓደኞቹ ጋር ሲያቋቁም፥ ጸሐፊ በዘመኑ ጉዳይ ውስጥ ራሱን ማስገባት አለበት የሚል ሐሳብ አቀረበ። በፈረንሳይኛ የተጠቀመበት ቃል «አንጋዥማን» ነበር፤ እንግሊዞችም ለዚህ «ኮሚትመንት» የሚለውን አቆሙለት። «አንጋዥማን» ደግሞ «ጋዥ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ «ጋዥ» ማለት መያዣ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ለባለገንዘቡ የሚያስይዘው ዕቃ ማለት ነው። እንግዲህ በአንዱ በኩል አደራ፥ በሌላው በኩል መያዣ! በሁለቱም መንገድ ብንሄድ በመጨረሻ የምናገኘው ከእጅ የወጣና ሊጠፋ የሚችል አንድ ነገር ነው። መያዣ ሳያስይዙ መበደር እንደማይቻል ሁሉ፥ ምንም ነገር ሳያስይዙ ኮሚትመንት አለኝ ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ አማርኛችን እንመለስ። ጋዜጦቻችንና መግለጫዎቻችን «ኮሚትመንት» ሲያጋጥማቸው «ቁርጠኝነት» ብለው ይተረጉሙታል። ቁርጠኝነት መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ትርጉሙ ግማሽ ነው። ቁርጠኝነት የአንድ ሰው የልብ ጠባይ ነው፤ ሌላ ወገን አያስፈልገውም። ሌባም ቢሆን ሌሊት ተነሥቶ አጥር ሲዘል ቁርጠኝነት አለው። «ግዴታ» የሚለው ደግሞ ከውጭ የሚጫን ነገርን ያመለክታል፤ ግብር ግዴታ ነው፤ ሰው ሳይወድም ይፈጽመዋል። «ቃል ኪዳን» ሁለት ወገኖች ያሉት ታላቅ ቃል ነው፤ ዳሩ ግን ቅዳሜ ጧት ሒሳብ ለማስጠናት ቃል ኪዳን ገባሁ ማለት ነገሩን ከመጠኑ በላይ ያከብደዋል። ለላቲኑ ሥር ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው «አደራ» ነው። አደራ ሰጪ አለው፥ ተቀባይ አለው፥ የተሰጠው ነገር ታውቆ የተለየ ነው፥ የመመለሻም ጊዜ አለው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ዕቃን በአደራ ስለ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ክፍል አውጥቶለታል። ሕዝባችን «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ሲል፥ አደራን ያፈረሰውን ደግሞ «አደራ በላ» ይለዋል። ልብ በሉ፤ «አደራ የጎደለው» ወይም «አደራ ያነሰው» አይለውም፤ «በላ» ነው የሚለው፤ የሰው ገንዘብ እንደ በላ ሌባ ይቆጥረዋል ማለት ነው።

እኛ ይህን የመሰለ ቃል እያለን እንግሊዝኛውን የምንመርጠው ለምንድን ነው? አንዳንዶች «አማርኛው ስለማይበቃ ነው» ይላሉ። እኛ ግን ምክንያቱ የተገላቢጦሽ ነው እንላለን፤ አማርኛው አልበቃ ብሎ ሳይሆን ከብዶ ነው። «የእነዚህን ልጆች አደራ ተቀብያለሁ» ብሎ በሰው ፊት የተናገረ ተማሪ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ቢቀር አደራ በላ መባልን ይፈራል፤ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። «ኮሚትመንት አለኝ» ያለው ግን በሰላም ይተኛል። ቃሉ ከእናቱ አፍ የሰማው አይደለምና አይነክሰውም። ማንም አያት በዚህ ቃል አልማለም፤ ማንም ጎረቤት በዚህ ቃል አልተጣላም፤ ማንም በዚህ ቃል አልተረገመም። እንዲሁ ቀላል፥ የተወለወለና ንጹሕ ቃል ነው። የተበደርነው ቃሉን ነው፤ ክብደቱን ከነባለቤቱ ትተነዋል። የቃሉ ባለቤቶች በቋንቋቸው ውስጥ የሚያውቁት የእስር ቤቱ ደጃፍና መያዣው ለእኛ አልተሻገረልንም።

ነገሩ ራሱ ግን፥ ያለ እንግሊዝኛ ስሙ፥ በየመንደራችን ይሠራበታል። ዕቁብን እንመልከት። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ሲወስድ ዋስ ይጠራል፤ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ መክፈሉን የሚያረጋግጥ ሰው ያቆማል። መጨረሻ ላይ ዕጣ የሚደርሳቸው ደግሞ ወር በወር የሚጥሉት አስቀድመው የወሰዱትን አምነው ነው። ማንም «ስሜቱ አለኝ» አይልም፤ ዋሱ ማን ነው? ቀኑ መቼ ነው? ስንት ነው? ይባላል። ዕድርም እንዲሁ ነው። ለቀብር ያልወጣ አባል ይቀጣል፤ ቅጣቱ ትንሽ ገንዘብ ቢሆንም በስሙ ተጽፎ ይነበባል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን በዚህ አሠራር ስንት ሐዘንተኛ ቤት አቁመዋል! እነርሱ የሚያውቁትን ለመግለጥ ዲግሪ የያዝን ሰዎች የላቲን ቃል መፈለጋችን ያስገርማል።

ከዚያም ወደ ኋላ ሄደን የቀድሞውን ሙግት ብንመለከት፥ ተሟጋቾቹ በዳኛ ፊት ማር፥ በቅሎ ወይም ፈረስ እያሉ ይወራረዱ ነበር። በነገሩ የተረታ ሰው ውርርዱንም ይከፍላል። ስለዚህ ተሟጋቹ በሚናገረው ነገር ላይ ሌላ ንብረቱን ያስይዛል ማለት ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሃዋርድ ቤከር እ. ኤ. አ. በ1960 ስለ ኮሚትመንት በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ ውስጥ የደረሰበት ሐሳብ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሰው በያዘው መንገድ የሚጸናው በዚያ መንገድ ላይ ሌላ ነገሩን በጎን አወራርዶ ስለሚገኝ ነው፤ መንገዱን ቢተው ያንን ሌላውን ነገር ያጣል፤ ቤከር የሚለው ይህንኑ ነው። የቤከርን ጽሑፍ በክፍል ውስጥ ስናነብ እንደ ሩቅ አገር ዕውቀት አድርገን እንይዘዋለን፤ የገዛ አባቶቻችን ግን በቅሎ አስይዘው ይናገሩ ነበር። ባለዕዳና ባለገንዘብም የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ በቁራኛ ተያይዘው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ማንም ሰው ወደ ቁራኛ እንመለስ አይልም፤ እኛም አንልም። ዳሩ ግን ቃልና ሰው ተቋጥረው ይሄዱ እንደ ነበር መታወስ አለበት።

በዚያው በ1960 እ. ኤ. አ. ቶማስ ሼሊንግ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፥ አንድ ወገን ራሱን ማሰሩ፥ ማለትም ወደ ኋላ የሚመለስበትን መንገድ በገዛ እጁ መዝጋቱ፥ ከሌላው ጋር ሲደራደር ኃይል እንደሚሰጠው አስረድቷል። ሊቁ በ2005 እ. ኤ. አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የሐሳቡ ፍሬ ቀላል ነው፤ በሩን ክፍት አድርጎ የሚዝት ወይም ተስፋ የሚሰጥ ሰው አይታመንም። የኮምፒውተር ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችንም ይህን ያውቁታል። በመረጃ ቋት ውስጥ ሥራው «ኮሚት» ካልተደረገ እንዳልነበረ ሆኖ ሊመለስ ይችላል፤ «ኮሚት» ከተደረገ በኋላ ግን መብራት ቢጠፋም ተመዝግቦ ይኖራል። የፕሮግራም ጽሑፍ በሚያስቀምጡበት «ጊት» በተባለው መሣሪያ ደግሞ እያንዳንዱ «ኮሚት» የሠሪውን ስም፥ ቀኑንና ምን እንደ ተሠራ የሚያስረዳ አጭር ማስታወሻ ይይዛል። ስም፥ ቀንና ሥራ! ማሽኑ የሚጠይቀውን ያህል እንኳ እኛ እርስ በርሳችን አንጠያየቅም።

አሁን አንድ ከባድ መቃወሚያ ይመጣብናል። «መታሰርን ይህን ያህል የምታከብሩ ከሆነ፥ በግድ የተላከ ሁሉ ኮሚትመንት አለው ልትሉ ነውን?» የሚል ነው። መቃወሚያው መልካም ነው፤ የዩኒቨርስቲያችን ታሪክም ለመልሱ ይረዳናል። በ1957 ዓ. ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየሄደ፥ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፥ እንዲያገለግል ተደርጎ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፥ በታኅሣሥ 1967 ዓ. ም. በተከፈተው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በደርግ ትእዛዝ ወደ ገጠር ተልከዋል። በሁለቱም ጊዜ የተላኩት ሰዎች በእንግሊዝኛው የጥንት ፍች «ኮሚት» ተደርገዋል፤ ሌላው አስረከባቸው። ነገር ግን በአንድ ወረቀት ከተላኩት መካከል አንዱ ቀኑን ሲቆጥር ይኖር ነበር፤ ሌላው ደግሞ ከሄደ በኋላ የተቀመጡትን ልጆች አይቶ የእነርሱን አደራ በገዛ ፈቃዱ ተቀብሏል። በዘመቻው ጊዜ ጥለው የተመለሱ ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ የመንግሥቱን ሐሳብ ተቃውመው የተመለሱ ስለ ነበሩ ሁሉንም አደራ በሎች ማለት ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ያልተቀበሉትን አደራ መብላት አይቻልምና።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ሌላው የላከው ሰው ግዴታ አለበት፤ ራሱን የላከ ሰው ኮሚትመንት አለው። አማርኛችን ይህን ልዩነት በግልጽ ይናገራል፤ «ተላከ» እና «ራሱን ሰጠ» ሁለት ነገሮች ናቸው። እንግሊዝኛውም «ራሱን» የሚለውን ቃል ከግሡ ጋር የሚያቆራኘው ስለዚህ ነው። ዳሩ ግን ራሱን የሰጠውም ቢሆን ከሰጠ በኋላ እንደ ታሠረ ነው። ነጻነቱ በመስጠቱ ላይ ነው፤ ከሰጠ በኋላ በየቅዳሜው እንደገና «ልስጥ ወይስ አልስጥ?» እያለ መምረጥ ነጻነት አይባልም፤ ማመንታት ነው። የወጪ መጋራትን ውል እናስብ። በ1996 ዓ. ም. የትምህርት ዘመን ወደ መንግሥት ዩኒቨርስቲዎች የገባው ይህ ውል፥ ተማሪው የትምህርቱን ወጪ ከፊል ሥራ ሲይዝ እንዲመልስ ያስገድደዋል። ስንቱ ተማሪ ነው ከመፈረሙ በፊት አንብቦት የፈረመው? በፊርማው ግን ታስሯል። ሳናነብ በፈረምነው ወረቀት ላይ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ስንታሰር፥ አስበንበት በአፋችን በሰጠነው ቃል ግን አለመታሰራችን የተገለበጠ ነገር ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የራሳችን ደዌ አለ፤ እርሱንም ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ደዌው «እሺ» ነው። ታላቅ ሰው ሲጠይቀን ወይም ጓደኛ በሰው ፊት ሲለምነን «አይሆንልኝም» ማለትን ይሉኝታ ይከለክለናል። «እሺ» እንላለን፤ ከዚያ እንጠፋለን። ጠያቂውም ገና ከመጠየቁ እንደምንጠፋ ያውቃል፤ እኛም እንደሚያውቅ እናውቃለን፤ ሁላችንም በትሕትና ተሸፋፍነን እንለያያለን። በስም ዝርዝሩ ላይ ሁለት ገጽ የሞላው አብዛኛው «እሺ» እንደ ነበር እንገምታለን። ስለዚህ ኮሚትመንት እንዲበዛ የሚመኝ ማኅበር ከሁሉ በፊት «አይሆንልኝም» ማለትን የተከበረ መልስ ማድረግ አለበት። «ፈተና አለብኝና እስከ ጥር ድረስ አልችልም» ብሎ በቅንነት የሚናገር ሰው፥ ፈርሞ ከሚጠፋው ይልቅ ለልጆቹ ይጠቅማቸዋል፤ ቢያንስ በእርሱ ቦታ ሌላ ሰው ይፈለጋል።

ሌላም መቃወሚያ እንደሚኖር እናውቃለን። «ተማሪ ድኻ ነው፤ ምን የሚያስይዘው ነገር አለው?» ይባላል። ተማሪ በቅሎም ማርም የለውም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር አለው፤ ስሙና ጊዜው። ስሙን በሰው ፊት ማስያዝ ይችላል፤ ጊዜውንም ቆርጦ መስጠት ይችላል። የምንለምነው ታላቅ ነገር አይደለም። ለአገር፥ ለሕዝብ፥ ለዕድገት ኮሚትመንት አለኝ ከሚል ሰው ይልቅ «ከጥቅምት እስከ ኅዳር መጨረሻ፥ በየቅዳሜው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት፥ ለእነዚህ ስድስት ልጆች» የሚለውን እናምናለን። አገርና ሕዝብ ቀረህ ብለው አይጠይቁም፤ ስድስቱ ልጆች ግን በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

በዚህ መሠረት ለማኅበራችን ሦስት ነገሮች እናሳስባለን። አንደኛ፥ በስብሰባም ሆነ በምርጫ መድረክ ላይ «ኮሚትመንት አለኝ» የሚል ሰው ሲነሣ፥ ሊቀ መንበሩ በትሕትና «ለማን? ለምን ሥራ? እስከ መቼ?» ብሎ ይጠይቀው። መልስ ካለው በቃለ ጉባኤው ይጻፍለት፤ ከሌለው ይቀመጥ። ሁለተኛ፥ ለበጎ ፈቃድ ሥራ የሚዞረው የመመዝገቢያ ወረቀት ከስሙ ቀጥሎ ቀኑንና ሰዓቱን፥ እንዲሁም ባለ ስሙ ባይችል የሚተካለትን ጓደኛ ስም የሚይዝ ይሁን፤ ይህም የዕቁቡ ዋስ መሆኑ ነው። ሦስተኛ፥ በየወቅቱ መጨረሻ ዝርዝሩ ይነበብ፤ የቀረውን ለማሳፈር ሳይሆን የተገኘውን ለማወቅ። በአሁኑ ጊዜ የተገኙትን የሚያውቃቸው የለም፤ በዚያ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የቀሩትን ጥቂት ጓደኞቻችንን ስማቸውን እንኳ ጠርቶ ያመሰገናቸው ሰው አላየንም።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በክፍል ውስጥ ስለ እኛ «ኮሚትመንት የላቸውም» ስትሉ እንሰማለን፤ ወቀሳው እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ቃሉ አብሮ መላክ ማለት ከሆነ ሁለት ወገን አለው ማለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ያስረከበ ተማሪ ረቂቁን ከእጁ አውጥቶ በመምህሩ እጅ ጥሏል፤ ከወር በላይ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር እርሱም አደራ ነው። የቢሮ ሰዓት በር ላይ የተለጠፈ ወረቀትም እንዲሁ የተሰጠ ቃል ነው።

ቃሉን ከአማርኛችን እናባርረው አላልንም፤ ቢኖርም ግድ የለም። ነገር ግን ማንም «ኮሚትመንት» ብሎ ሊናገር ሲል፥ ለአንድ አፍታ በልቡ ወደ «አደራ» ይመልሰውና «ይህን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ለመናገር እደፍራለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ከደፈረ ይናገረው፤ እኛም እናምነዋለን። ካልደፈረ ዝም ማለት ወይም «አይሆንልኝም» ማለት አለለት። በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ፥ ወይም ከ«አደራ» የተሻለ ትርጉም ያላቸው አንባብያን፥ ተማሪም ሆኑ መምህር፥ መልሳቸውን ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም ለማውጣት ዝግጁዎች ነን። የቅዳሜው ጥናትም በሚመጣው ሳምንት እንደገና ይከፈታል፤ የመመዝገቢያው ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ የሚተካላችሁን ጓደኛ ስም ይዛችሁ እንድትመጡ እናሳስባለን።